አሮጌ የጃዝ ሸክላ እንደ ሰነድ፤ ስለ መሰብሰቡና ስለ መደመጡ

የሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ ብዙውን ጊዜ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ወይም የባለጠጋ ቅምጥልነት ተደርጎ ይቈጠራል። እኔም አሮጌ የጃዝ ሸክላ ከያለበት ማሰባሰብ ከጀመርሁ ወዲህ በመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ዘንድ ይኸው ስም ወጥቶልኛል። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው አንዱ፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነው፣ «ይህ የምትሰማው ሙዚቃ በስልኬ ውስጥ አለ፤ ድምፁም ከዚህ ይልቅ የጠራ ነው፤ ታዲያ ይህ የሚንጣጣ ጥቁር ነገር ምን ያደርግልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ምሽት የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝም። ጥያቄው ግን በቀልድ የሚታለፍ ስላልሆነ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣሣሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች፣ ነገሩ በአሜሪቃና በኤውሮፓ የተፈጸመ ስለ ሆነ፣ ሁሉም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ጃዝ ከብዙ ሌላ ሙዚቃ የሚለይበትን አንድ ጠባይ ማንሣት ያስፈልጋል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሙዚቃን የተማርሁት በኖታ ነበር። መዝሙሩ በአራት ድምፅ ተከፍሎ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠናል፤ ከእኛ መካከል አንዱ ቢሳሳት ስሕተቱ የዘማሪው ነው እንጂ የመዝሙሩ አይደለም፤ መዝሙሩ ምንጊዜም በወረቀቱ ላይ ደኅና ሆኖ ይኖራልና። በዚህ ምክንያት ሙዚቃ ማለት ወረቀቱ ነው፣ ሸክላው ግን የወረቀቱ ጥላ ነው ብዬ አምን ነበር። ጃዝ ይህን እምነት ያፈርሰዋል። የጃዝ ተጫዋች አንድ የታወቀ ዜማ ይዞ ይነሣና በዚያ መሠረት ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረውን እዚያው እየፈጠረ ይጫወታል። በእርግጥ እንደ ዱክ ኤሊንግተን ያሉት መሪዎች በጽሑፍ የተዘጋጀ ሥራ ነበራቸው፤ ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን የሚናገርበት ባዶ ቦታ ይተዉለት ነበር።

በአገራችን ለዚህ ነገር በጣም የሚቀርበው ቅኔ ይመስለኛል። ባለቅኔው የዜማውን ልክና የቤቱን ሥርዓት ጠብቆ ለዕለቱ የሚስማማውን አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ የትናንቱን ዛሬ ቢደግመው ነውር ነው። ከሰሚዎቹ አንዱ በቃሉ ካልያዘው ወይም በብራና ካልጻፈው ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል። የጃዝም ዕጣ ይኸው በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ጃዝ በተወለደበት ዘመን ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ተገኝቶ ቈየው። ምሳሌ ለመስጠት ያህል፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በ26 ኖቬምበር 1945 በኒው ዮርክ ለሳቮይ ኩባንያ «ቢሊስ ባውንስ» የሚባለውን ዜማ አምስት ጊዜ ደጋግሞ አስቀርጿል። በገበያ የዋለው አምስተኛው ነው፤ የቀሩትም በኋላ ታትመዋል። አምስቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የፓርከር ንግግር በአንዱም እንዳልተደገመ ይረዳል። ከእነዚህ ውስጥ ትክክለኛው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ቅኔ ነው፤ ብራናውም ሸክላው ነው፤ ከሸክላው በስተጀርባ ገልጦ የሚያስተያዩት ሌላ ጽሑፍ የለም።

እንግዲህ ሸክላው ብራና ከሆነ እንደ ብራና ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው። የድሮ መጽሐፍ የሚመረምር ሊቅ ቃሉን ብቻ አያነብም፤ የቆዳውን ዓይነት፣ የጸሐፊውን እጅ፣ በኅዳጉ ላይ የተጫረውን ሁሉ ያያል። ሸክላም እንደዚሁ ነው።

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ስም ለዚህ ዕቃ እጅግ ይስማማዋል፤ ከእጅ ቢወድቅ እንደ ገንቦ ይከሰከሳልና። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተለመደው ዓይነት የሚሠራው ሸላክ ከሚባል ሙጫ ነበር። ይህ ሙጫ በህንድና በአካባቢዋ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ነው። ሙጫው ከተፈጨ ድንጋይና ከጥላሸት ጋር ተለውሶ በትኩሱ በሁለት የብረት ሻጋታዎች መካከል ይጨመቃል። የድንጋዩ ዱቄት የብረት መርፌውን እየሞረደ ከጠመዝማዛው ፈለግ ጋር ያስማማዋል፤ ስለዚህ አንድ መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ እንዲያገለግል ይመከር ነበር። ሸክላው መርፌውን ይበላዋል፤ መርፌውም በተራው ሸክላውን ይበላዋል። እጅግ የተወደደ ሸክላ ከሁሉ ይልቅ ያረጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳይነካ የተገኘ ንጹሕ ሸክላ ብዙ ጊዜ ማንም ያልወደደው ይሆናል።

የተለመደው መጠን 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ በአንድ ገጹም የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዳንስ አዳራሽ አንድን ዜማ ደስ እስኪላቸው የሚያስረዝሙ ሰዎች ከቀረጻው ክፍል ሲገቡ ያላቸውን ሁሉ በሦስት ደቂቃ እንዲናገሩ ይገደዱ ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ እስራት ያዩታል። እኔ ግን በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ምርጦቹን ስሰማ የጐደለ ነገር አይታየኝም፤ ሦስት ደቂቃ ቃል እንዳይባክን አስተምሯቸዋል።

የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ ተብሎ የሚታወቀው በ26 ፌብሩዋሪ 1917 በኒው ዮርክ ለቪክተር ኩባንያ የተቀረጸው ነው። ተጫዋቾቹ ኦሪጂናል ዲክሲላንድ ጃስ ባንድ የሚባሉ ከኒው ኦርሊንስ የመጡ ነጮች ነበሩ። ሙዚቃውን የፈጠሩት ጥቁሮች ሆነው ሳሉ ሸክላውን የቀደሙት ነጮች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ጉዳይ ወደ ታች እንደገና ይመለሳል። የጥቁሮቹ የኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ በሙሉ ኃይሉ በሸክላ ላይ የተገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ5 እና በ6 ኤፕሪል 1923፣ የኪንግ ኦሊቨር ክሪዮል ጃዝ ባንድ ኢንዲያና ውስጥ በምትገኘው በሪችመንድ ከተማ ለጀኔት ኩባንያ በተጫወተ ጊዜ ነው።

ይህ ቀረጻ ሸክላ እንዴት እንደሚነበብ ለማስረዳት በጣም የተመቸ ነው። በዚያ ጊዜ ማይክሮፎን በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ተጫዋቾቹ በአንድ ትልቅ ጡሩምባ አፍ ፊት ይቆማሉ፤ የድምፃቸው ግፊት በጡሩምባው ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ያስቀርጻል። ድምፅን የሚያመዛዝን ቊልፍ ስለሌለ ማመዛዘኛው እግር ነው፤ ድምፁ የበረታ ይርቃል፣ የደከመ ይቀርባል። ሁለተኛውን ኮርኔት የሚነፋው የሃያ አንድ ዓመቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ድምፁ መሪውን ኦሊቨርን ስለ ዋጠው ከሌሎቹ ርቆ እንዲቆም መደረጉን የባንዱ ፒያኒስት ሊል ሃርዲን ተርካለች። ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስም ትልቁ ከበሮ መርፌውን ያዘልለዋል ተብሎ በእንጨት ብቻ ሲመታ ይሰማል። ስለዚህ የ1923 ሸክላ ሰምቶ «የጥንት ጃዝ ከበሮው ደካማ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው የመሣሪያውን ጠባይ የሙዚቃው ጠባይ አድርጎ ይሳሳታል። እኔም ይህን ስሕተት በአንደኛ ዓመት በጻፍሁት አንድ ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ።

በ1925 ትላልቆቹ ኩባንያዎች በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቅረጽ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተደረገው ለውጥ በጆሮ በግልጽ ይታወቃል፤ ይህንንም በእጄ ባለው በአንድ ሸክላ አስረዳለሁ።

ይህን ሸክላ ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ከመዝሙርና ከግሪክ ዘፈን ሸክላዎች ጋር ተደራርቦ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሽማግሌውን ባለቤት «አባባ፣ ይህ ስንት ነው?» ብላቸው አገላብጠው አዩትና «ያልተሰነጠቀው ሁሉ አንድ ዋጋ ነው ልጄ፤ የተሰነጠቀውን እመርቅልሃለሁ» አሉኝ። መለያቸው ስንጥቁ እንጂ ስሙ አልነበረም። በሸክላው መኻል ባለው ክብ ወረቀት ላይ የታተመው ፓርሎፎን የሚል ስም ነው፤ ይህም የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ነገር ግን ፈለጉ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ባዶ ቀለበት ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ የተመለከተ ሰው 400967 የሚል ቁጥርና ከኋላው ቢ የሚል የላቲን ፊደል ያገኛል። ይህ የሻጋታው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ያወጣው የአሜሪቃው ኦኬ ኩባንያ ሲሆን በ28 ጁን 1928 በቺካጎ ሉዊ አርምስትሮንግና ጓደኞቹ «ዌስት ኤንድ ብሉዝ»ን ለተጫወቱበት ቀረጻ የተሰጠ ነው። ቢ የሚለው ፊደል ደግሞ ሁለተኛው ሙከራ ተመርጦ መታተሙን ያመለክታል። ወረቀቱ ቢቀደድ፣ ስሙ ቢፋቅ፣ ቁጥሩ ግን የትውልድ ስፍራውንና ቀኑን ይመሰክራል።

ሙዚቃውም በአርምስትሮንግ ትራምፔት ብቻ ይጀምራል፤ ማንም አያጅበውም። ከዚያ ባንዱ በዝግታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አርምስትሮንግ ያለ ቃል በድምፁ ብቻ ከክላርኔቱ ጋር ይነጋገራል፤ ቀጥሎ የኧርል ሃይንስ ፒያኖ ይመጣል፤ በመጨረሻውም ዙር ትራምፔቱ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ ይዞ ሳይለቅ ይቈያል። በስልክ ስሰማው ይህ የተያዘ ድምፅ የጠራ ነው። በሸክላው ላይ ግን ልክ በዚያ ስፍራ ፈለጉ ነጣ ብሎ ተበልቶ ይታያል፤ ድምፁም ይሻክራል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት፣ ማን እንደ ሆነ አላውቅም፣ መርፌውን ወደዚያ ስፍራ እየመለሰ ይሰማ እንደ ነበር እገምታለሁ።

አሁን ወደ መጥፋቱ ነገር እንለፍ፤ የሰብሳቢው ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ከዚህ ነውና። በ1920ዎቹ ኩባንያዎቹ የጥቁሮችን ሙዚቃ «የዘር ሸክላ» በሚል የተለየ ዝርዝር ለጥቁር ገዢዎች ብቻ ያወጡ ነበር። ብዙው ተጫዋች የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ቊርጥ ዋጋ ነው፤ ሸክላው በኋላ ቢሸጥ ባይሸጥ ድርሻ የለውም። በ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአሜሪቃ የሸክላ ሽያጭ በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ኩባንያዎች ተዘጉ ወይም ተሸጡ፤ ብዙ የብረት ሻጋታም ለብረትነቱ ተሸጠ። ሻጋታው ከጠፋ በኋላ የቀረው ምስክር በየሰው ቤት ያለው ሸክላ ብቻ ሆነ።

በዚያ ጊዜ ቤት ለቤትና አሮጌ ዕቃ መሸጫ ለመሸጫ እየዞሩ ይለቅሙ የነበሩት ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ሳያውቁት የቤተ መዛግብት ሥራ ይሠሩ ነበር። በ1936 በፓሪስ ቻርል ደሎኔ «ሆት ዲስኮግራፊ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡም የተጫዋቾቹን ስም፣ የቀረጻውን ቀንና ስፍራ፣ የሻጋታውንም ቁጥር በሥርዓት ዘረዘረ። ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ይህን ሊሠራ የቻለው በቁጥሮቹ እየተመራ ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ ኮሞዶር የሚባለው የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ሚልት ጋብለር ከገበያ የጠፉትን ሸክላዎች እንደገና እያሳተመ በክቡ ወረቀት ላይ የተጫዋቾቹን ሁሉ ስም ያጽፍ ጀመር። ከዚያ በፊት የመሪው ስም ብቻ እንጂ ከበሮ መቺው ማን እንደ ነበረ የሚጽፍ ማን ነበር? ይኸው ጋብለር በ1938 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት ቢሊ ሆሊደይ ስለ ጥቁሮች በዛፍ መሰቀል የምትዘፍነውን «ስትሬንጅ ፍሩት»ን ቀርጾላታል፤ ይህን ዘፈን ኮሎምቢያ ለመቅረጽ አልፈቀደም ነበር።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢዎቹን ብቻ ማመስገን እውነቱን ማጉደል ይሆናል። ኪንግ ኦሊቨር በ10 ኤፕሪል 1938 በጆርጅያ ግዛት በሳቫና ከተማ ሲሞት ደኻ ነበር፤ በመጨረሻ ዘመኑም በአንድ ቢልያርድ ቤት በጽዳት ሥራ ይተዳደር ነበር። በዚያው ዓመታት ውስጥ የእርሱን የ1923 ሸክላዎች ሰብሳቢዎች እየተሻሙ ይገዙ ነበር። ሸክላው እየተወደደ ሲሄድ ሰውዬው እየተረሳ ሄደ። እኔ ይህን ካነበብሁ ወዲህ ስለ አንድ ሸክላ ዋጋ ሲወራ በሙሉ ልቤ መደሰት አልሆነልኝም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥፋት የደረሰው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከእስያ የሚመጣው ሸላክ ስላነሰ ሕዝቡ አሮጌ ሸክላውን ለማቅለጥ እንዲያስረክብ ይጠየቅ ነበር፤ ምን ያህል የ1920ዎቹ ሥራ በዚህ መንገድ እንደ ቀለጠ የሚቈጥረው የለም። ከዚህም በላይ የአሜሪቃ ሙዚቀኞች ማኅበር ከ1 ኦገስት 1942 ጀምሮ አባሎቹ ለሸክላ ኩባንያ እንዳይጫወቱ አዘዘ። ዴካ በ1943 ከማኅበሩ ጋር ተስማማ፤ ቪክተርና ኮሎምቢያ ግን እስከ ኖቬምበር 1944 ድረስ ዘገዩ። ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ በ1943 አብረው የተጫወቱበት የኧርል ሃይንስ ባንድ ለሸክላ ኩባንያ ሳይቀረጽ የተበተነው በዚህ መካከል ነው። አዲሱ የጃዝ ዘይቤ ቢቦፕ ይበስልበት የነበረው ባንድ ይህ ነው። ስለ እርሱ የምናውቀው ከሰሙት ሰዎች ወሬ ነው፤ የሚያስቈጭም ነገር ነው።

ከእገዳው በፊት በነበረው ዓመት የተደረገ አንድ ነገር ግን በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች የሚነገር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ጄሪ ኒውማን የሚባል ወጣት በ1941 ሸክላ የሚቀርጽ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ተሸክሞ በሃርለም ወደሚገኘው ሚንተንስ ወደሚባለው የምሽት ክበብ ይሄድ ነበር። በዚያም ጊታር ተጫዋቹን ቻርሊ ክርስቲያንን ቀረጸው። ክርስቲያን በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳለ ሞተ። ከሦስት ደቂቃ ገደብ ውጭ ሆኖ እንደ ልቡ ሲጫወት የምንሰማው በዋናነት ከዚህ ተማሪ ሸክላ ነው። ቀረጻው በኋላ ታትሞ ወጥቷል። ኒውማን ይህን ያደረገው ስለ ታሪክ አስቦ ይሁን ወይም ምሽቱ ደስ ስላለው፣ ለእኛ ያው ነው።

በ1943 ደግሞ የጦር ሠራዊቱ ለወታደሮቹ ብቻ የሚታደል ቪ-ዲስክ የተባለ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ማኅበሩ የፈቀደው ለንግድ እንዳይውልና ሥራው ሲያበቃ እንዲጠፋ በሚል ውል ነው። እስከ 1949 ድረስ ከ900 በላይ ዓይነት ታትሞ ነበር። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነና ፈለጉም ስለ ተቀራረበ በአንድ ገጽ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይይዝ ነበር። በመጨረሻ በውሉ መሠረት ሻጋታው ተደመሰሰ፤ ወታደሮች ደብቀው ወደ ቤታቸው የወሰዱትም ሲገኝ ይወረስ ነበር። ዛሬ እነዚህን ቀረጻዎች በነፃነት የምንሰማው የታዘዘውን ያልፈጸሙ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ሕግ ለሚያጠኑ ጓደኞቼ ይህን ጉዳይ ትቼላቸዋለሁ።

ኮሎምቢያ ኩባንያ በጁን 1948 በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን፣ ከቪኒል የተሠራውን ረጅም ሸክላ ባወጣ ጊዜ የሦስት ደቂቃው ዘመን ማብቃት ጀመረ። አንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ቢወድቅም አይሰበርም። የዛሬው ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የታተመውን ይህን ዓይነት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ከበርሊን ተሰዶ በመጣው በአልፍሬድ ላየን በ1939 የተመሠረተውን የብሉ ኖት ኩባንያ ሥራ። ቀራጩ ሩዲ ቫን ጌልደር ቀን ቀን የዓይን መነጽር ሐኪም ነበር፤ እስከ 1959 ድረስም የሚቀርጸው ኒው ጀርሲ ውስጥ በሃከንሳክ በወላጆቹ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነበር። የመጀመሪያውን ኅትመት ከኋለኛው ለመለየት ሰብሳቢው በወረቀቱ ላይ የታተመውን የኩባንያውን አድራሻ ያነብባል፤ በባዶው ቀለበት ላይ የቫን ጌልደርን ስም መነሻ ፊደሎች ይፈልጋል፤ ከዚያም የጆሮ ቅርጽ የሚመስል አንዲት ትንሽ ምልክት ይፈልጋል። ይህች ምልክት ፕላስቲላይት የሚባለው ማተሚያ ቤት ናት፤ ኩባንያው ለሊበርቲ ከተሸጠ በኋላ ግን በ1966 ቀረች።

የመጀመሪያ ኅትመት ሁሉ እውነተኛው ነው የሚል እምነት በሰብሳቢዎች ዘንድ አለ፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አያስኬድም። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በማርችና በኤፕሪል 1959 ተቀርጾ በዚያው ዓመት ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ቀን የሠራው የቴፕ መሣሪያ ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ስለ ነበር አንደኛው ገጽ በሸክላው ላይ ከእውነተኛው ትንሽ ፈጥኖና ከፍ ብሎ ይሰማል። ከሸክላው ጋር አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሁሉ መሣሪያው አልስማማ ይለው ነበር። ስሕተቱ የታረመው በ1992 ሲሆን ለማረም የተቻለውም ለመጠባበቂያ በሌላ መሣሪያ የተቀረጸው ቴፕ ተቀምጦ ስለ ተገኘ ነው። እንግዲህ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው የ1959 ኅትመት የተሳሳተው ነው። እኔ ይህን እንደ ነቀፋ አላየውም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዓለም የሰማውና ሙዚቀኞች የተማሩበት እርሱ ስለ ሆነ የስሕተቱም ሰነድ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የ78ቱ ሸክላ ፈለግ ሰፊ ስለ ሆነ ጫፉ 0.076 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መርፌ ይፈልጋል፤ የረጅሙ ሸክላ መርፌ 0.025 ገደማ ነው። በቀጭኑ መርፌ ሰፊውን ፈለግ ያጫወተ ሰው የፈለጉን ወለል እየጫረ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል፤ ብዙ ሰው «አሮጌ ሸክላ አይሰማም» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሸክላ ይቆማል እንጂ አይደራረብም፤ ከፀሐይና ከሙቀትም ይራቅ። በንጹሕ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ መኻሉን ወረቀት ሳያረጥቡ፣ በፈለጉ አቅጣጫ ይታጠባል። አልኮል ግን የሸላክ ጠላት ነው፤ ያሟሟዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጥሩ አጸዳሁ ብዬ አንድ የፋትስ ዎለር ሸክላ በአልኮል ወለወልሁት፤ ጨርቁ ጠቊሮ ሲመጣ ቆሻሻው የለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የለቀቀው ሙዚቃው ነው። ሸክላውን እስከ ዛሬ አልጣልሁትም።

በመጨረሻ ይህ ነገር እኛን በቀጥታ የሚነካበት አንድ በር አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አሳተመ። በአዲስ አበባም አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ አማካይነት የከተማው ሙዚቃ በሸክላ ላይ ዋለ፤ ሙላቱ በ1974 «የካቲት»ን ያወጣው በዚሁ ኩባንያ ነው። ቀረጻው እዚህ፣ ኅትመቱ በውጭ አገር ይደረግ ነበር። ዓለም ይህን ሙዚቃ በሰፊው ያወቀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ካሳተመው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ኅትመት ሸክላ ወደ ውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅ እየሄደ ነው። በገዛ ከተማችን የተቀረጸውን ሸክላ ለማየት ወደ ውጭ መጻፍ ሊያስፈልገን ነው ማለት ነው። በአሜሪቃ ማርሻል ስተርንስ የተባለ መምህር በ1952 የራሱን ስብስብ መሠረት አድርጎ የጃዝ ጥናት ተቋም አቋቁሞ ነበር፤ ተቋሙም በ1966 ወደ ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ተማሪዎች ይመራመሩበታል። የተጀመረው ከአንድ ሰው መደርደሪያ ነው።

እኔ ገንዘብ ስለሌለኝ መግዛቱን ትቼ ቁጥር መገልበጥ ጀምሬአለሁ። በዘመዶቼና በጓደኞቼ ቤት ያለውን ሸክላ፣ የጃዝም የሌላም፣ ባዶውን ቀለበት በባትሪ ብርሃን እያየሁ የሻጋታውን ቁጥርና ፊደል፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ሸክላው ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ባለቤቱ የሚያስታውሰውን በደብተር እጽፋለሁ። ሸክላው ከቤቱ አይወጣም፤ መጫወቻም አያስፈልገኝም። በቤታቸው ያላቸው መምህራንና ተማሪዎች ቢፈቅዱልኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቼ እገለብጣለሁ። ካሁን ቀደም ከገለበጥኋቸው መካከል ክቡ ወረቀት ተልጦ ያለቀ አንድ የ78 ሸክላ አለ። ፒያኖና ክላርኔት ይሰማበታል፤ ከቁጥሩም የሚነበቡት የመጨረሻዎቹ ሦስት ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 4 እና ኤ። የማን እንደ ሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።